ቅናሹን በብር እንቁጠረው፦ «በሙሉ ዋጋ የገዛ ተታለለ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፉት ሦስት ሳምንታት አንድ ጽሑፍ በጎንደር ጌም ተጫዋቾች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ ከአምስት ሰው ደርሶኛል፤ ከአምስቱ ሁለቱ «አንተስ ምን ትላለህ?» የሚል ጥያቄ አክለው ነው የላኩት። ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር እየጠገንሁ ስለምተዳደርና ጌም መግዛት የሚፈልግ ሰው አዘውትሮ ስለሚያማክረኝ፣ የገዛሁትንና ሌላውን ያስገዛሁትን ጌም ሁሉ ቀኑን፣ የዶላር ዋጋውን፣ የዕለቱን ምንዛሪና የወጣውን ብር እየጻፍሁ የማኖርበት ደብተር አለኝ። ከዚህ በታች የምለው ከዚያ ደብተርና ስለ ገበያው በይፋ ከሚታወቀው የተወሰደ ነው። ካርድም ሆነ አካውንት አልሸጥም፤ ሰው ዛሬ ቢገዛ ወይም ከዓመት በኋላ ቢገዛ ለእኔ የሚተርፈኝ ነገር የለም።

ጽሑፉ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ብሎ ይነሣና አምስት ነጥቦችን ያስቀምጣል። አንደኛ፣ ማንኛውም ጌም በወጣ በዓመቱ በግማሽ ዋጋ ስለሚገኝ በሙሉ ዋጋ የገዛ ሰው ተታሏል። ሁለተኛ፣ ቅናሽ የሚባለው ነገር ራሱ ማታለያ ነው፤ ኩባንያዎቹ ዋጋውን ወደ ላይ ይሰቅሉና መልሰው ያወርዱታል። ሦስተኛ፣ ትልልቆቹ ቅናሾች በሰኔና በታኅሣሥ ሲመጡ እስከ መጨረሻው ቀን ጠብቆ የዓመቱን ጌም በአንድ ጊዜ ሰብስቦ መግዛት ይገባል። አራተኛ፣ ዶላር ለማናገኘው ለእኛ የሚያዋጣው በቴሌግራም የሚሸጠው የጋራ አካውንት ነው። አምስተኛ፣ ከሁሉም የሚሻለው በነጻ የሚሰጠውን ብቻ መጫወት ነው። ጸሐፊው በቅን ልብ እንደጻፉት አልጠራጠርም፤ ለተማሪ ኪስ የሚያስብ ሰው የጻፈው መሆኑም ያስታውቃል። ነገር ግን የሰጡት ምክር ዶላር እየተከፈለው በዶላር ለሚገዛ፣ ኢንተርኔቱም ለማይቆራረጥበት ሰው የተሰፋ ልብስ ነው፤ እኛ ስንለብሰው ብዙ ቦታ ላይ ይጠብበናል።

የመጀመሪያው ነጥብ የሌሎቹ መሠረት ስለሆነ እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። አብዛኛው ጌም ጊዜ በሄደ ቁጥር እንደሚረክስ እውነት ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ከቅዳሜ ገበያ ጋር ማነጻጸር ይበቃል። በቅዳሜ ገበያ ጤፍ አዝመራው ሲገባ ይረክሳል፣ ክረምቱ ሲገፋ ይወደዳል፤ በግና ዶሮ የበዓል ዋዜማ ሲደርስ ዋጋቸው ይሰቀላል፤ ያለው ውስን ሆኖ ሳለ ፈላጊው በአንድ ቀን ይበዛልና። ጌም ግን ጎተራ ውስጥ የሚያልቅ እህል አይደለም። ለአንድ ሰው የተሸጠውን ለሚሊዮን ሰው ለመሸጥ የሚወጣው ተጨማሪ ወጪ ከምንም የማይቆጠር ስለሆነ፣ ሻጩ መጠበቅ ከማይችለው ሰው መጀመሪያ 60 ወይም 70 ዶላር ይቀበላል፤ ከወራት በኋላ 40 ለሚከፍለው ዝቅ ያደርጋል፤ በመጨረሻም 15 ዶላር ብቻ ላለው ይደርሳል። በእኛ ገበያ በዓል ሲቃረብ ዋጋ ሲወጣ፣ በኦንላይን መደብር የፈረንጆች ገና ሲቃረብ ዋጋ የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ «አብዛኛው» እና «ማንኛውም» አንድ አይደሉም። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ሮናልድ ኮዝ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ጥናት፣ የማያረጅ ዕቃን ለብቻው የሚሸጥ ነጋዴ ከነገው ራሱ ጋር እንደሚወዳደር አሳይቷል፤ ገዢው ነገ እንደሚረክስ ካወቀ ዛሬ አይገዛውምና። ከዚህ ወጥመድ ለመውጣት አንዱ መንገድ «ነገም አልቀንስም» ብሎ ቃል መግባትና በቃል መጽናት ነው። «ፋክቶሪዮ» የተባለው ጌም ይህንኑ አድርጓል። ሠሪዎቹ ቅናሽ እንደማያደርጉ በግልጽ ተናግረው ጸንተውበታል፤ ይባስ ብሎም እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ዋጋውን ከ30 ወደ 35 ዶላር ከፍ አደረጉት። «ቅናሹን እጠብቃለሁ» ብሎ የተቀመጠ ሰው ለትዕግሥቱ 5 ዶላር ጨምሮ ከፈለ ማለት ነው። «ማይንክራፍት»ም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2011 በይፋ ከመውጣቱ በፊት፣ ገና እየተሠራ ሳለ የገዙት ሰዎች ከኋለኞቹ ባነሰ ዋጋ ነው የገዙት። ኒንቴንዶ ራሱ የሚያሳትማቸው ጌሞችም ከወጡ ከዓመታት በኋላ ከመነሻ ዋጋቸው ብዙም አይርቁም። ስለዚህ ከመጠበቅ በፊት መታወቅ ያለበት የዚያ ጌም አሳታሚ ከዚህ በፊት ምን ሲያደርግ እንደኖረ ነው።

ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሡት፣ እኔ ግን ከሁሉ የሚከብደው ነው የምለው፣ የብሩ ጉዳይ ነው። የጌም መደብሮቹ ለኢትዮጵያ በብር የተተመነ ዋጋ የላቸውም፤ የምንገዛው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው ከ120 ብር በላይ ሆነ። ይህን በጌም ዋጋ እንመንዝረው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የ60 ዶላር ጌም በባንክ ተመን 3,420 ብር ነበር። ያንኑ ጌም ዓመት ጠብቆ በ50 በመቶ ቅናሽ፣ በ30 ዶላር፣ በ120 ብር ምንዛሪ የገዛ ሰው 3,600 ብር ከፍሏል። መደብሩ በትልቁ «ግማሽ ዋጋ» ብሎ ጽፎለታል፤ ከኪሱ የወጣው ግን ከሙሉ ዋጋው በ180 ብር ይበልጣል። በእርግጥ ጊፍት ካርድ (የመደብሩን አካውንት በዶላር የሚሞላ ኮድ) የሚሸጡት ሰዎች ከለውጡ በፊትም ከባንክ ተመን እጅግ በራቀ ዋጋ ይሸጡ ስለነበር፣ ከእነሱ በሚገዛው ሰው ላይ ጭማሪው የባንኩን ያህል አልነበረም፤ አቅጣጫው ግን ያው ነው። ሒሳቡን ለማንኛውም ጊዜ ማድረግ ይቻላል፦ የ20 በመቶ ቅናሽን ለማጥፋት የዶላሩ በ25 በመቶ መወደድ ይበቃዋል።

ከዚህ ተነሥቼ ለሚያማክሩኝ ሁሉ የምነግራቸው አንድ ነገር አለ። ብርን ወደ ዶላር የመለወጡ ውሳኔና ጌሙን የመግዛቱ ውሳኔ ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው። አንድን ጌም እንደሚፈልግ እርግጠኛ የሆነ ሰው ብሩ ሲገኝ ካርዱን ገዝቶ በአካውንቱ ላይ በዶላር ሊያስቀምጠውና ከዚያ ያለሥጋት ቅናሹን ሊጠብቅ ይችላል። ይህ የራሱ አደጋ አለው፤ አንዴ አካውንት ውስጥ የገባ ገንዘብ ተመልሶ ብር አይሆንም፣ አካውንቱ ከጠፋም አብሮ ይጠፋል። ካርዶቹም የሚመጡት በተወሰነ መጠን ስለሆነ የ15 ዶላር ጌም የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የ20 ዶላር ካርድ ይገዛል፤ የተረፈችው 5 ዶላር ሥራ ፈትታ እንዳትቀመጥ ሲል ደግሞ የማይጫወተውን ጌም ይጨምራል። በደብተሬ ላይ እንዲህ የተገዙ ጌሞች ብዙ ናቸው፤ የተከፈቱት ግን ጥቂት።

በሙሉ ዋጋ የገዛ ሁሉ ተታሏል ለሚለው ደግሞ አዘዞ ያለውን የአንድ ወዳጄን የፕሌይስቴሽን ቤት ልጥቀስ። መስከረም ላይ የዓመቱ አዲስ የእግር ኳስ ጌም ሲወጣ በማግስቱ በሙሉ ዋጋ፣ በ70 ዶላር ገዛው። ካርዱን የገዛው ዶላሩን በ150 ብር ሒሳብ ስለነበር 10,500 ብር አወጣ። ኅዳር ላይ ይኸው ጌም ብዙ ጊዜ ግማሽ ገደማ እንደሚቀነስ ያውቃል፤ እኔም አስታወስሁት። የመለሰልኝ ይህን ነው፦ «ወንድሜ፣ ልጆቹ እዚህ የሚመጡት ዘንድሮ የተዘዋወረውን ተጫዋች በአዲስ ማልያው ሊያጫውቱት ነው። እስከ ኅዳር በአምናው ጌም ብጠብቃቸው ማዶ ያለው ቤት ይሄዱብኛል፤ ከሄዱ ደግሞ በኅዳር አይመለሱም።» ቤቱ ሁለት ቴሌቪዥን አለው፤ አንድ ጨዋታ 15 ብር ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ እስከ ማታ በሁለቱ ላይ 50 ያህል ጨዋታ ይካሄዳል። ኪራይና መብራት ሳይቀነስ በ14 ቀን 10,500 ብሩን መለሰ። ለዚህ ሰው ርካሹ ቀን የወጣበት ቀን ነበር። እንዲህ ያለው ጌም በየዓመቱ በሚቀጥለው ስለሚተካ፣ በሰኔ በ80 በመቶ ቅናሽ የገዛው ሰው የሚጫወተው ለሦስት ወር ነው፤ በመስከረም የገዛው ለዓመት።

የንግድ ቤት ለሌለውም ቢሆን ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከጓደኞቹ ጋር በአንድነት የሚጫወተውን ጌም ጓደኞቹ ከተውት በኋላ በሩብ ዋጋ የገዛ ሰው ባዶ ሜዳ ነው የገዛው። ከዚህም ብሶ ሜዳው ራሱ ሊዘጋ ይችላል። «ዘ ክሩ» የተባለው የመኪና ውድድር ጌም እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 2024 ሰርቨሩ ሲዘጋ፣ ቀደም ብሎ በሙሉ ዋጋ የገዛው ዓመታት ተጫውቶበት ነበር፤ መጨረሻ ላይ በርካሽ ያገኘው ግን በወራት ውስጥ አጣው። «ፎርዛ ሆራይዘን 4» ደግሞ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ከሽያጭ ተነሥቷል፤ የገዙት እየተጫወቱት ነው፣ ሲጠብቁ የነበሩት ግን ከመደብሩ አያገኙትም።

ለመጠበቅ የሚቀርበውን ከሁሉ የበረታ ምክንያት ጸሐፊው አላነሡትምና እኔ ላንሣላቸው። ጌም ሲጠብቁት የሚረክስ ብቻ ሳይሆን የሚሻሻልም ዕቃ ነው። «ሳይበርፐንክ 2077» እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 10 ቀን 2020 ሲወጣ በተለይ በአሮጌዎቹ ኮንሶሎች ላይ በስሕተት የተሞላ ስለነበር፣ ሶኒ በሳምንቱ ከራሱ መደብር አንሥቶት እስከ ሰኔ 2021 አልመለሰውም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ከወጣው 2.0 ከተባለው ትልቅ ማሻሻያ በኋላ የገዛው ሰው በአነስተኛ ዋጋ እጅግ የተሻለ ጌም አግኝቷል። ለብቻ የሚጫወቱትን፣ ታሪክ ያለውንና ሲወጣ ስሕተት የበዛበትን ጌም መጠበቅ ትክክል ነው፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። አስቀድሞ ማዘዝንም አልደግፍም፤ የማያልቅን ዕቃ «እንዳያልቅብኝ» ብሎ ሳያዩ መክፈል ለገዢው የሚሰጠው ጥቅም አይታየኝም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስንመጣ፣ ቅናሽ ሁሉ ማታለያ ነው የሚለው አባባል ከሦስተኛው ምክር ጋር አብሮ ሊቆም አይችልም። ቅናሹ የውሸት ከሆነ ሰኔን መጠበቅ ለምን ያስፈልጋል? እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ማታለያ መባሉ ይቅር። በእኔ እምነት ብዙው ቅናሽ እውነተኛ ነው። ስቲም የተባለው የኮምፒውተር ጌም መደብር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ደንብ መሠረት ዋጋውን ከፍ ያደረገ አሳታሚ አንድ ወር ገደማ ሳያልፍ ቅናሽ ማድረግ አይችልም። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 28 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት ቅናሽ ያወጀ ነጋዴ ከቅናሹ በፊት በነበሩት 30 ቀናት ያስከፈለውን ዝቅተኛ ዋጋ ማሳየት አለበት። ከዚህም ሌላ የአንድን ጌም የዓመታት የዋጋ ታሪክ እንደ ስቲምዲቢ ባሉ ገጾች ላይ ማንም በነጻ ማየት ይችላል። ከዚህ በፊት 12 ዶላር የደረሰ ጌም ዛሬ በ20 «ታላቅ ቅናሽ» ከተባለ፣ ማወቅ የሚፈልግ ሰው በአንድ ደቂቃ ያውቃል።

ጸሐፊው ግን ከመሬት ተነሥተው አልጻፉትም። እ.ኤ.አ. በ2015 የሰኔ ቅናሽ ላይ «ግራንድ ቴፍት አውቶ 5» በጌሙ ውስጥ ከሚሠራ ገንዘብ ጋር ተጠቅልሎ «25 በመቶ ቅናሽ» ተብሎበት ሲሸጥ፣ የሚከፈለው ዋጋ ጌሙ ለብቻው ሲሸጥ ከነበረበት 60 ዶላር አልወረደም ነበር። ዛሬም ሊጠነቀቁት የሚገባው የተሰረዘውን ዋጋ ሳይሆን የጥቅሉን አሠራር ነው፦ ያው ጌም በሦስት ዓይነት ጥቅል ይቀርባል፣ ከመካከላቸው ውዱ «ከሌላው ሦስት ቀን ቀድመው ይጫወቱ» ይላል፣ እሱ አጠገብ ሲቀመጥ የመካከለኛው ዋጋ ርካሽ ይመስላል። በዓመት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በቅናሽ ላይ የሚውሉ ጌሞችም አሉ፤ የእነሱ ሙሉ ዋጋ ማንም የማይከፍለው ጌጥ ነው። በነዚህ ላይ የጸሐፊው ጥርጣሬ ልክ ነው። ስሕተቱ ከጥቂቶቹ ተነሥቶ ሁሉን መፍረድ ነው።

ሦስተኛው ምክር ሁለት ክፍል አለው። «እስከ መጨረሻው ቀን ጠብቁ» የሚለው በአንድ ወቅት ትክክል ነበር። እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ድረስ ስቲም በትልልቆቹ ቅናሾች ውስጥ በየቀኑና በየሰዓታቱ የሚለዋወጥ ተጨማሪ ቅናሽ ያደርግ ስለነበር፣ ዛሬ በ30 በመቶ የገዙት ነገ በ75 ሊገኝ ይችል ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ ገንዘብ የመመለስ መብት ከተጀመረ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ይህ አሠራር ቀረ፤ ገዢው የትናንቱን መልሶ የዛሬውን መግዛት ከቻለ ጥድፊያው ትርጉም አይኖረውምና። አሁን የመጀመሪያው ቀንና የመጨረሻው ቀን ዋጋ አንድ ነው። እንዲያውም ከቅናሽ በፊት በሙሉ ዋጋ የገዛ ሰው የመመለሻው ጊዜና ሁኔታ ካላለፈበት መልሶ በቅናሹ እንዲገዛ መደብሩ ራሱ በግልጽ ፈቅዷል። ጸሐፊው የቀን አቆጣጠሩን ነገር ቢያነሡ ይሻል ነበር፦ የታኅሣሡ ቅናሽ ብዙ ጊዜ የሚያበቃው የእኛ ገና፣ ታኅሣሥ 29፣ ከመድረሱ በፊት ነው። የበዓል ገንዘብ በእጁ ሲገባ ለመግዛት ያሰበ ልጅ ዋጋው ወደ ቦታው ተመልሶ ያገኘዋል። በየዓመቱ እንዲህ የሚሆንባቸውን አውቃለሁ።

«ሰብስባችሁ ግዙ» የሚለውን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ከላይ የጠቀስሁት ገንዘብ የመመለስ መብት የሚሠራው በተገዛ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ለተጫወቱት ነው። ይህ መብት ከቅናሹ ራሱ ይልቅ ለገዢው የሚጠቅም ነው፤ ጌሙ በላፕቶፑ ላይ እንደሚሠራ፣ እንደሚወደውም ሞክሮ ማወቅ የሚችለው በዚህ ነው። በአንድ ቀን ስምንት ጌም የገዛ የጎንደር ልጅ በ14 ቀን ውስጥ ስምንቱን ማውረድ ይችላል? «ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2» ብቻውን 150 ጊጋባይት ቦታ ይፈልጋል። በሰከንድ 1 ሜጋባይት ያለማቋረጥ ብናወርድ ከ41 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ክረምት ላይ መብራት በሚቆራረጥበት በሰኔው ቅናሽ ደግሞ ያለማቋረጥ የሚባል ነገር የለም። በ2016 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ የታኅሣሡ ቅናሽ መጥቶ ነበር። አንድ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ተማሪ አጎቱ ዘንድ ባለው ዋይፋይ ገብቶ አራት ጌም ገዛ፤ ለማውረድ ግን በየጊዜው እዚያ ቤት እየሄደ ላፕቶፑን ማሳደር አልቻለም። ከወራት በኋላ ሁለቱን አውርዶ ሲከፍት አንዱ በማሽኑ ግራፊክስ ካርድ ምክንያት ጨርሶ የማይነሣ ሆኖ ተገኘ። ላፕቶፑን ይዞልኝ መጣ፤ ጥገናው የኔ ሥራ ነው፣ ያለፈውን 14 ቀን ግን መጠገን አልቻልሁም። ቅናሹ በሦስት ወር ውስጥ ተመልሶ ይመጣል፤ ስለዚህ የሚሻለው በሁለት ሳምንት ውስጥ አውርዶ ሊሞክረው የሚችለውን ያህል፣ አንድ ወይም ሁለት ብቻ መግዛት ነው።

አራተኛው ነጥብ ያሳዘነኝ ነው። የጋራ አካውንት ማለት ሻጩ በስሙ የያዘውን አካውንት የይለፍ ቃሉን ለአሥርና ለሃያ ሰው እየሰጠ የሚያከራየው ማለት ነው። ጸሐፊው «የ60 ዶላር ጌም በ500 ብር» ብለው አስልተው አሳይተዋል። አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ሦስት ጌም ያለበትን አካውንት በ600 ብር ገዝቶ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ወደ እኔ መጣ። ስክሪኑ ላይ «የይለፍ ቃሉ ትክክል አይደለም» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ልጁ አሥር ጊዜ ያህል ሞክሮታል። ቴሌግራሙን ሲያሳየኝ ሻጩ አግዶታል። የአካውንቱ ኢሜይል የሻጩ እስከሆነ ድረስ የሚደረግ ነገር እንዳልነበረ ስነግረው «ጋሼ፣ ክረምቱን ሙሉ የሠራሁበት ነው» አለኝ። ያ ልጅ ያተረፈ ሳይሆን 600 ብር የከሰረ ነው። በመደብሩ ደንብም አካውንት መሸጥ የተከለከለ ስለሆነ የሚያቀርበው አቤቱታ ሰሚ አያገኝም። ርካሽ የማስጀመሪያ ኮድ የሚሸጡትም ቢሆኑ፣ ኮዱ ለሌላ አገር የተገደበ ሆኖ በእኛ አገር ሳይሠራ ሊቀር፣ ወይም በተሰረቀ የባንክ ካርድ የተገዛ ሆኖ በኋላ ሊሰረዝ ይችላል።

ጸሐፊው ወደዚህ ምክር የገፋቸውን ችግር ግን አልክድም። በደቡብ አፍሪካ የሚኖር ተጫዋች በራንድ በተተመነ ዋጋ ይገዛል፤ እኛ የአሜሪካንን ዋጋ እንከፍላለን። ስቲም በአርጀንቲናና በቱርክ ይሸጥበት የነበረው የአገር ገንዘብ ዋጋ እንኳ እ.ኤ.አ. ኅዳር 20 ቀን 2023 በዶላር ሲተካ የብዙ ሰው አቅም ተናግቷል፤ መነሻው የገንዘቦቹ መዋዠቅ፣ ከዚያም አልፎ የሌላ አገር ሰዎች አካውንታቸውን ወደነዚያ አገሮች እያዞሩ መግዛታቸው ነበር። በብር የተተመነ ዋጋ እንዲኖረን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ግን የጋራ አካውንት የሚገዛውን ሰው መደብሩ እንደ ገዢ አይቆጥረውም፤ ያልተቆጠረ ገዢ ደግሞ ዋጋ እንዲተመንለት ምክንያት አይሆንም።

በነጻ የሚሰጠውን በሚመለከት አጭር መልስ አለኝ። ኤፒክ ጌምስ የተባለው ሌላው የጌም መደብር በየሳምንቱ የሚሰጣቸው ጌሞች በእርግጥ በነጻ የሚገኙና የራስ ሆነው የሚቀሩ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 «ግራንድ ቴፍት አውቶ 5»ን ሳይቀር ሰጥቷል። የማይጠቀምበት ሰው እንዲጠቀምበት እመክራለሁ፤ ይህ የጸሐፊው መልካም ምክር ነው። ሲጀምሩት ነጻ ሆኖ ውስጡ ግን ሱቅ ያለበት ጌም ሌላ ነገር ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ከዚሁ ኩባንያ ጋር በ«ፎርትናይት» ጉዳይ በደረሰበት የ520 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ውስጥ 245 ሚሊዮኑ ሳይፈልጉ እንዲከፍሉ ለተደረጉ ተጫዋቾች የሚመለስ ነበር። እኛ ዘንድ የሚዘወተረው ግን የስልኩ «ፐብጂ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 አጋማሽ ሮያል ፓስ የተባለው የሽልማት መክፈቻ ወርኃዊ ሆኖ ዋጋው 360 ዩሲ (የጌሙ የውስጥ ገንዘብ) ሲደረግ፣ ዩሲ የሚሸጥባቸው ጥቅሎች 60፣ 325 እና 660 ነበሩ። 325 የገዛ 35 ይጎድለዋል፤ ስለዚህ 60 ይጨምራል፤ 25 ይተርፈዋል፤ ያቺ 25 ደግሞ ብቻዋን ብዙም አትረባምና ለሌላ ግዢ ትጋብዛለች። ልጁ የሚያስበው በዩሲ ስለሆነ ከብሩ ጋር ያለው ግንኙነት ይጠፋበታል። በዓመት አሥራ ሁለት ጊዜ ይህን ያደረገ ሰው፣ ጸሐፊው ውድ ነው ካሉት የ60 ዶላር ጌም በላይ አውጥቷል።

ጸሐፊው ሌላ ጽሑፍ እንደሚያስከትሉ ተናግረዋል። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ጌም መርጠው፣ የወጣበትን ቀን የዶላር ዋጋና ምንዛሪ፣ በቅናሹ ቀን የነበረውን ዋጋና ምንዛሪ፣ የሚወርደውን ጊጋባይትና የዳታውን ወጪ አጠገብ ለአጠገብ ቢያስቀምጡልን ክርክሩ በቁጥር ይሆናል። በእኔ በኩል የ2016 እና የ2017 ዓ.ም. ገጾች ስም ተሸፍኖላቸው ፎቶ ተነሥተዋል፤ ከጠየቁኝ በዚያው ቀን እልክላቸዋለሁ።